አንድ ሳህን ድንች

ልጆቼ ኳስ እያዩ የሚበሉትን ድንች በየሳህናቸው ሊከፋፈሉ ሲሉ፣ "በአንድ ላይ አድርጉት" አልኳቸው። የአዋዜው ሽታ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ዳንግላ ወሰደኝ።

ያኔ ወንድሜ ጫማዬን ሳያስፈቅደኝ አድርጎ ኳስ ተጫውቶበት ተኳርፈን ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ ሊጫወት ሲል አባታችን መሀላችን አንድ ሳህን ድንች አስቀመጡ።

"አባባ፣ የኔን ለብቻ ያድርጉልኝ። ከሌባ ጋር አልበላም።"

"ጫማህ ጠቦኝ የተቀጣሁት እኔ ነኝ!" አለ ወንድሜ።

አባባ አልሳቁም። "ለብቻህ ከበላህ፣ ጎል ሲገባ ማንን ልታቅፍ ነው?" አሉኝ።

ጎል ገባ። አዋዜ በነካው እጃችን ተቃቀፍን።

አባባ ከሞቱ በኋላ በመሬታቸው ውርስ ተጣላን። ወንድሜ እንጅባራ ነው፤ አንነጋገርም። ልጅ መምከር ይቀላል።

ቴሌቪዥኑ ጮኸ፤ ልጆቼ ተቃቀፉ። እኔ የወንድሜን ቁጥር አውጥቼ፣ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ።