ታኖክን ያልወጋችው መርፌ

ኩጆ ፋርሊን እብድ የምትሉ ሁሉ፣ እስቲ መጀመሪያ አፋችሁን ያዙና ስሙኝ።

ኩጆ የዚሁ የደሴታችን የአንቲጓ ልጅ ነው። በእንግሊዙ ንጉሥ የጦር መርከብ ላይ ሸራ ሰፊ ነበር። ሸራ ሰፊ ደግሞ ሸራ ብቻ አይሰፋም። ባሕር ላይ ሰው ሲሞት ይተኛበት በነበረው ሸራ ጠቅልሎ፣ እግሩ ስር የመድፍ አረር አስገብቶ የሚሰፋው እሱ ነው። የመጨረሻዋ ስፌት በሟቹ አፍንጫ ታልፋለች፤ ነፍስ ያለችበት ይጮሃል፣ የሌለችበት ዝም ይላል። ጭካኔ መሰላችሁ? መርከበኛ ከሐኪም ይልቅ የሚያምነው እሷን ነው። ሐኪሙ ከጠዋት ጀምሮ ሰክሮ በሚውልበት መርከብ ላይማ ሌላ ምን ይታመናል!

ቢጫ ወባ መርከቡን ባመሰው ሰሞን ታኖክ ወደቀ። ከኩጆ ጋር ካንድ ሳህን የሚበላ፣ ከእንግሊዝ አገር ከኮርንዎል የመጣ ሳቂታ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ አየውና «አልቋል» ብሎ ሄደ። ወዲያው የፈረንሳይ መርከብ ከአድማስ ብቅ አለች። ካፒቴኑን ምርኮ ሸተተው። መድፎቹ ያሉበት ወለል ይጽዳ፣ ሬሳውም ይጣል አለ።

«ፍጠን እንጂ አንተ! የሙሽራ ቀሚስ ነው እንዴ የምትሰፋው?» ብሎ ጮኸበት መኮንኑ።

«ገላው ይሞቃል፣ ጌታዬ።»

«በዚህ ሐሩር መድፉስ መች በረደ!»

ኩጆ አፍንጫው ላይ ሲደርስ እጁ አልታዘዝም አለው። ስንቱን ባዕድ የወጋ እጅ ወንድሙን መውጋት ከበደው። አዘነለትና ያቺን ስፌት ዘለላት።

ጥቅሉ ከሳንቃው ላይ ተንሸራቶ ውሃ ሲነካ ከወገቡ ታጠፈ፤ ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሰው። ከዚያ ሰጠመ።

«በሕይወት አለ! ኧረ መርከቡን አቁሙ!» ብሎ ጮኸ ኩጆ።

«ማዕበሉ ነው» አለ ካፒቴኑ። የሩቅ ማያ መነጽሩን ከፈረንሳዮቹ ላይ እንኳ አላነሳም።

ፈረንሳዮቹ አመለጡ። ልብ በሉልኝ፣ አመለጡ! ያ ካፒቴን ግን ዛሬ አድሚራል ነው።

ከዚያ ወዲህ ኩጆ በተኛበት ሁሉ ከመርከቡ ሆድ ስር ይንኳኳበት ጀመር። «እንጨት ነው ኩጆ፣ ያረጀ እንጨት ይንቋቋል» ቢሉት፣ «እንጨት አንኳኩቶ መልስ ይጠብቃል?» ይላቸው ነበር። መጨረሻ ላይ አይረባም ብለው እዚሁ ወደባችን ላይ ጥለውት ሄዱ። አሁን መርከቦች ለጥገና በጎናቸው ሲጋደሙ ሆዳቸው ላይ ጆሮውን ለጥፎ ይውላል። እናንተም ትስቃላችሁ።

ባለፈው ሰሞን አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«ሁሉም ‹ታኖክ ሞቶ ነበር› ይሉኛል» አለኝ። «አንዳቸውም እዚያ አልነበሩም። እስቲ አንተ ደግሞ ሞቶ ነበር በለኝ። አንተን አምንሃለሁ።»

ብዋሽስ ምን ነበረበት? ባንድ ቃል ሰውየውን አሳርፈው ነበር። ግን ያችኑ ቃል ካፒቴኑም ሐኪሙም ብለዋታል፤ ከነሱ አፍ የወጣች ቃል አፌ ላይ መረረችኝ።

«አላውቅም፣ ኩጆ።»

ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

«እንግዲያው ቁጭ በል» አለኝ። «ሲያንኳኳ ብቻዬን አልስማው።»

ተቀመጥኩ።