የጠፈርተኞች ፊትና የእህቴ ፊት

አጎቴ ከውጭ አገር የካድሬዎች ኮርስ ሲመለስ ልብስም ጫማም አላመጣልንም። ያመጣልን ወሬ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ወላጆቻቸው በጊዜ ስለሞቱ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። መካነ ሰላም ላይ መጀመሪያ አስተማሪ፣ ኋላ ካድሬ ሆነ፤ እኔንም እሱ ቤት አስቀምጦ ያስተምረኝ ነበር። ቅዳሜ ሲሆን ገጠር ወላጆቼ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። እሱ ያወራል፣ ቤተሰቡ ይሰማል።

አብዝቶ የሚያወራው ጠፈር ላይ ስለሚከርሙ ሰዎች ነበር። ኮርሱ ላይ አንድ ሐኪም ስለ ጤናቸው አስተምሯቸው ኖሯል። ወር አልፎ ወር ሲተካ ሰማይ ላይ ናቸው፤ ምግባቸው የደረቀ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ አንዳንዱም እንደ ጥርስ ሳሙና ከቱቦ ይጨመቃል። አፍንጫቸው ስለሚታፈን የሚበሉት ሁሉ አይጥማቸውም፣ የሚያቃጥል ነገር ያምራቸዋል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ታዲያ አንድ ቁና በርበሬ ልስደድላቸዋ» አለች። አጥንታቸው እንዳይሳሳ በላስቲክ ታስረው ባሉበት ይሮጣሉ ሲል ደግሞ፣ የመንደሩን ልጆች ቁርአን የሚያስቀራው አባቴ «በሬዎቻችን አውድማ ላይ የሚያደርጉት እሱን አይደል? እነሱንም ላካቸው» ብሎ አሳቀን። ቀጥሎ ግን ከልቡ «ለመሆኑ እዚያ ላይ ቂብላው ወዴት ነው?» ሲል ጠየቀ። አጎቴ ሰዎቹ እንደማይሰግዱ ሊነግረው አልደፈረም።

እኔ ከሁሉ የወደድኩት ሚዛናቸውን ነው። ሰማይ ላይ ክብደት የሚባል ነገር የለም። እንዲያም ሆኖ መክሳታቸውን ለማወቅ ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዝ መቀመጫ ላይ ይመዘናሉ፤ ሐኪሞቻቸውም ምድር ላይ ሆነው ምን እንደጎረሱ ይጠይቋቸዋል። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ኩራቴ ለጉድ ነበር። አጎቴ የሚያውቀውን የሚያውቅ ሰው በወሎ ቦረና ምድር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ በልጉም ክረምቱም ቀረ። ጎተራው ተጠረገ፣ በሬዎቹ ተሸጡ፣ ከወግዲ በኩል የሚመጣው እህልም ጠፋ። የእናቴ ጡት ነጠፈ። ታናሽ እህቴ ገና ዳዴ ትላለች፤ ስትከሳ፣ ስትከሳ ከረመችና አንድ ሰሞን ፊቷ ድንገት ሞላ። ጉንጯ ተነፋ፣ ቆዳዋ አብለጨለጨ። በኛ ዘንድ ፊቱ የሚያብለጨልጭ ሰው ወዝ አለው ይባላል፤ ወዝ ያለው ደግሞ የጠገበ ነው። ጎረቤቱ እየመጣ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ «አልሐምዱሊላህ፣ የልጅቷ ወዝ ተመለሰ» አለ። ምን እንደበላች ግን ማንም አልጠየቀም፤ የበላችው ነገር አልነበረማ። እናቴ ብቻ አላመነችም። ልጅቷ መሳቅ ትታለች፤ የእግሯን ጀርባ ስትጫነው የጣቷ ምልክት ጎድጉዶ ይቀራል።

በዚያው ሰሞን ደሴ ላይ ለተጎዱ ሕፃናት ወተትና አልሚ ገንፎ ይሰጣል ተባለ። ከተማው ውስጥ የቆመ አንድ የጭነት መኪና ወደዚያ ሊመለስ ነበር። ለመሳፈር የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ወረቀቱን የሚሰጠው አጎቴ ነው። እናቴ እህቴን አዝላ ቢሮው ድረስ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። የአብዮቱ በዓል ስለደረሰ ግድግዳው በቀይ ጨርቅ እየተሸለመ ነበር።

«ወንድሜ፣ ይቺን ልጅ ደሴ አድርሳት» አለችው።

ልጅቷን አገላብጦ አያት። እግሯንም አየና በእናቴ ነጠላ ጫፍ መልሶ ሸፈነው።

«ምን ሆነች? ፊቷን አታይም እንዴ? ወዝ በወዝ ሆናለች።»

«እብጠት እንዳይሆን ፈርቼ ነው።»

«ቢሆንስ? የጠፈርተኞቹም ፊት ያብጣል። ሐኪሙ ራሱ ነው ያስተማረን፤ ምንም ሳይሆኑ በሰላም ይመለሳሉ። ይልቅ ይዘሻት ግቢ፤ በዚህ ሰሞን ሰው ልጁን አዝሎ መንገድ ለመንገድ መታየት የለበትም።»

እናቴ አመነችው። እንዴት አታምነው? ከዘመዱ ሁሉ የተማረ እሱ ብቻ ነው፣ ያሳደገችውም እሷ ናት። መኪናው ግማሽ ባዶውን ደሴ ገባ። እህቴ የበዓሉ ሰሞን ሞተች። ገላዋን ሲያጥቧት ያ ፊት እንደሞላ ነበር። አጎቴ በዓሉን ትቶ ለቀብሯ ሊመጣ አልቻለም።

እኔ ከዓመታት በኋላ ነርስ ሆንኩ፤ የረሃብ እብጠት ምን እንደሆነ የተማርኩት ያኔ ነው። ስለ ጠፈርተኞቹም አንድ ሐኪም ጠየቅሁ። ወደ ታች የሚስበው ስለሌለ የሰውነታቸው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፊታቸው ይሞላል፤ እግራቸው ግን ይቀጥናል አለኝ። እግሩ ያበጠ ጠፈርተኛ የለም።

አጎቴ በመጨረሻ ታሞ እናቴ ቤት ተኛ። በወሎ ሰው መሞቻው ሲደርስ የሚያውቀውን ሁሉ «አፉ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። የተባለውም ምን በድለኸኝ ነው ብሎ አይጠይቅም፣ «አፉ ብያለሁ» ይላል። እናቴ ሳይጨርስ «አፉ ብያለሁ» አለችው። ምግብ ልታመጣ ስትወጣ ወደኔ ዞረ።

«አፉ በይኝ ልጄ።»

«ስለምኑ?»

«ስለ ሁሉም።»

«ሁሉም አይሆንም። የጠፈርተኞቹ እግር እንደሚቀጥን ሐኪሙ አልነገራችሁም ነበር?»

«ነግሮናል» አለ። «ከኛ ወረዳ የተራበ የለም ብዬ ለበላይ ሪፖርት አድርጌ ነበር። የራሴን እህት ልጅ መኪና ላይ ልጫናት? ምን ይሉኛል?»

ረሃብ ቢገድላት ኖሮ እንደ አገሩ ሰው አልቅሼ በተውኩት ነበር። የገደላት ግን የምኮራበት ሰው ነው። አፉ አላልኩትም።

በሦስተኛው ቀን ሞተ። ለቅሶው ላይ እናቴ «ደጉ ወንድሜ፣ ለልጆቼ አባት የሆንክ» እያለች ስታለቅስ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ይዤ ነበር። ሰው ሁሉ ያዘንኩት ለእሱ መስሎት አጽናናኝ።