ለክረምት አሥር ክኒን

ክሪና ለሐኪም ቤትና ለቀብር የምትለብሰው አንድ ሰማያዊ ካፖርት ነበራት። በዚያ ዓመት ጥቅምት እንደገባ ካፖርቷን አራግፋ ለብሳ፣ ብስክሌቷን ከጓሮ እየገፋች ስትወጣ ጎረቤቷ ኮርኔሊስ አጥሩ ላይ ተደግፎ አያት።

«ደሞ ዛሬ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሐኪም ጋ ነው የምሄደው።»

«እሱም ያው ነው» አለና ወደ ጎመኑ ተመለሰ።

የፈለገችው አሥር የእንቅልፍ ክኒን ነበር። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ለሚዘልቀው የአገሯ ክረምት፣ አሥር ብቻ። የድሮው ሐኪም ዶክተር ሜርቴንስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጥቅምቱ ሳትለምነው ይሰጣት ነበር። በዚያን ጊዜ የመንደር ሐኪም መድኃኒቱንም ራሱ ነበር የሚሰጠው። መሳቢያውን ይስባል፣ ይቆጥራል፣ በትንሽ ፖስታ ያደርግና «እንግዲህ ነፋሱ መምጣቱ ነው» ይላታል። ሌላ ቃል የለም። የተረፋትን በሚያዝያ ትመልስለታለች፤ እሱም ሳያይ ይቀበላታል።

እሱ የዜላንድ ልጅ ነበር፣ ክሪና በምትኖርበት ደሴት ላይ የተወለደ። ኔዘርላንድ ውስጥ ከባሕር ጠለል በታች የሚኖር ሰው ብዙ ነው፤ በዚያ ደሴት ላይ ግን በክሪና ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ከውሃው ፍርሃት የቀረ የየራሱ ነገር አለው። ኮርኔሊስ ጣሪያው ሥር መጥረቢያ ያስቀምጣል፤ ውሃው ከመጣ ጣሪያውን ከውስጥ ፈልጦ ለመውጣት። በየዓመቱ ይስለዋል፤ ማንም አይስቅበትም። የክሪና ደግሞ እንቅልፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ እንደ ድንጋይ ትተኛለች። ቀኑን ሙሉ የሽንኩርት ማበጠሪያው ቤት ቆማ ስለምትውል፣ ራቷን ሳትጨርስ ነው ዓይኗ የሚከደነው። ባሕሩ በሚሞላበት ሰሞን ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ የዞረ እንደሆነ ግን፣ በቃ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ቤቷን ጥሎ ይወጣል። በዓመት ስድስት ቀን፣ ሰባት ቀን፣ ቢበዛ ዘጠኝ።

በ1953፣ በትልቁ ጎርፍ ጊዜ፣ ክሪና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በጥር የመጨረሻው ማታ እናቷ ለእሷና ለታናሽ ወንድሟ ለአድሪ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስባ፣ «ተኙ፣ ግድቡ አለ፤ ምንም አይመጣም» አለቻቸው። እነሱም ተኙ። እናትዬዋ የምታውቀውን ነው የተናገረችው፤ ከሷ የተሻለ የሚያውቅም አልነበረም። ሲነጋ ክሪና ጣሪያ ላይ ነበረች። አድሪ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ «አይዞሽ፣ ተኚ» ያላት ሰው ሁሉ አንድ ሌሊት ቀምቷታል። ክኒኑን የወደደችውም ለዚህ ነው። ክኒን አይመክርም።

ባለፈው ዓመት፣ ዶክተር ሜርቴንስ ጡረታ የወጣ ጊዜ፣ ክረምቱ ያለ ክኒን መጣባት። በአንድ ሳምንት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። በሦስተኛው፣ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ቦት ጫማ አጥልቃ ውሃውን ለማየት የባሕሩ ግድብ ላይ ወጣች፤ ድንጋዩ አንሸራትቷት የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ልጇ ማርሊን ከሩቅ፣ ከአፐልዶርን መጣች። በጀሶ የታሰረውን እጅ አየች፤ አልጮኸችም። አለመጮ኿ ነው የከፋው።

«እማ፣ አንድ ጊዜ ደግመሽ እዚያ ግድብ ላይ ከወጣሽ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር አለው፣ ባሕር የሚባል ነገር ባጠገቡ የለም።»

«ሽንኩርትስ አለ?»

«እየቀለድኩ አይደለም፣ እማ።»

እውነትም አልቀለደችም። ክሪናም በልቧ ማለች፤ ያ ሁሉ ውሃ ያላስለቀቃትን ቤት አሳንሰር አያስለቅቃትም። ስለዚህ አሥር ክኒን ማለት ለሷ ቤቷ ማለት ነበር።

አዲሷ ሐኪም ዶክተር ሁበን ትባላለች። ከደቡብ፣ ከኮረብታው አገር የመጣች፣ ቢበዛ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፈገግታዋ ጥሩ፣ እጇ ንጹሕ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ደግሞ ሰዓት። ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ ነው የሚሰጠው።

«የእንቅልፍ ክኒን እንዲህ በቀላሉ አላዝም፣ ወይዘሮ ክሪና» አለቻት። «ሱስ ያስይዛል። ያንገዳግዳል፤ ሰው ይወድቃል።»

«እኔ የወደቅሁት ክኒኑን ስላጣሁ ነው።»

«ማታ ቡና ይጠጣሉ?»

«አንድ ስኒ። ከዛሬ ሠላሳ ዓመት ጀምሮ።»

«እሱን ቢተዉት። ትኩስ ወተት፣ ዝግ ያለ ትንፋሽ፣ ትንሽ የእግር ጉዞ...»

«ዶክተር፣ በዚያ ነፋስ የእግር ጉዞ ብወጣ የምገኘው ጀርመን ነው።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ የማዘዣ ወረቀቱን ግን አልነካችውም። «ደግሞስ ማዕበል ሲመጣ የሚዘጋው የባሕሩ መዝጊያ ተሠርቶ የለም? ያን ሁሉ ብረት ምን ያልፈዋል?»

«መዝጊያው የተሠራው ለባሕሩ ነው» አለች ክሪና። «ለኔ ጭንቅላት የሠራለት የለም።»

«እንዲህ እናድርግ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍዎን ይመዝግቡ፤ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ስንት ሰዓት ነቁ። ከዚያ እናያለን።»

አሥሩ ደቂቃ አለቀ። ክሪና በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «እርስዎ የት ነው የተከራዩት?»

«የድሮው አስተማሪ ቤት፣ እግድቡ ሥር። እንዴት ያለ ጸጥታ መሰለዎት!»

«እስቲ ነፋሱ ይምጣ» ብላ ወጣች።

በነዚያ ሁለት ሳምንታት ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ከደቡብ ለስላሳ አየር ይነፍሳል፤ ባሕሩ እንደ ሣህን ወተት ረግቶ ተኝቷል። ክሪናም ተኛች። ደብተሯ ላይ «ተኛሁ፣ ተኛሁ፣ ተኛሁ» ብላ ጻፈች።

«ምን ሞኝ ነሽ» አላት ኮርኔሊስ። «ሁለት ሦስት ሌሊት ቀላቅዪበት። ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ።»

ሐኪሟ ደብተሩን ገልጣ ደስ አላት። «እንዲህ የሚተኛ ሰው ምነው እኔ በሆንኩ! ምንም የለብዎትም እኮ።»

ክሪና ካፖርቷን ቆለፈች። የሽንኩርት ቤት ሰው ስለሆነች፣ «ሽንኩርትም ላዩን ሲያዩት ምንም የለበትም» አለች። «መዝግቢ ብለውኛል፤ እሺ፣ እመዘግባለሁ። ሁለት ሳምንት ብቻ ለምን ይሆናል?»

በማግሥቱ ጠዋት ልክ በሁለት ሰዓት፣ ሐኪም ቤቱ ስልክ ማንሳት በሚጀምርበት ደቂቃ፣ ደወለች። የሐኪሟ ረዳት ኮሪ አነሳች።

«ክሪና ነኝ። ተኝቻለሁ። ነፋሱ ከደቡብ ነው።»

«እሺ... ምን ልርዳሽ?»

«ምንም። መዝግቢው።»

በሁለተኛው ቀንም ደወለች። በሦስተኛውም። በአምስተኛው ቀን ኮሪ ትዕግሥቷ አለቀ። «ሴትዮ! ይሄ መስመር የታመመ ሰው ነው የሚደውልበት!»

«እኔም መታመሜ ገና አልታወቀም፤ እየተጠና ነው።»

«የአየር ጠባይ ጣቢያ ሆነሽ ቀረሽ እኮ!»

«የነሱ እንኳ አንዳንዴ ይሳሳታል። የኔን መዝግቢ። ተኝቻለሁ፤ ነፋሱ ወደ ምዕራብ አዘንብሏል።»

በአሥረኛው ቀን ዶክተር ሁበን ራሷ መጣች። በዚያ ጠዋት ሦስት በሽተኛ ቤት ሄዳ ሦስቱም ቤት ቡና ጠጥታለች። ክሪናም ብትጣላትም ያለ ቡና አላስቀመጠቻትም። የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈተች፣ እንደ አገሩ ልማድ አንድ ብስኩት ብቻ አስወሰደቻት፣ ክዳኑን ጓ አድርጋ ዘጋች።

«ስልኩን ይተዉት፣ እባክዎ።»

«ክኒኑን ይስጡኝና እተወዋለሁ።»

«ኃላፊነት አለብኝ። ሰው የክኒን ባሪያ ሲሆን አይቻለሁ፣ ወይዘሮ ክሪና። አባቴን አይቻለሁ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ወረደ። ክሪና ለአንድ አፍታ አዘነችላት፤ ግን ፍንክች አላለችም። «እኔ አባትዎ አይደለሁም» አለች።

ከዚያ ሐኪሟ፣ አራት ስኒ ቡና ነውና፣ ሽንት ቤቱ ወዴት እንደሆነ ጠየቀች። ክሪና በእጇ ጠቆመቻት።

ቆየች። በጣም ቆየች። ክሪና የስኒዎቹን ሣህኖች አነሳች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ ሐኪሟን ደግሞ ምን አገኛት ብላ ልታንኳኳ ስትነሳ በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ የልደት ቀን መቁጠሪያውን ከሚስማሩ አውርዳ ይዛው ቆማለች።

በዚያ አገር የዘመድ አዝማድ ልደት የሚጻፍበት መቁጠሪያ ከሽንት ቤቱ በር ጀርባ ነው የሚሰቀለው፤ ተቀምጦ የማያነበው የለም። ዓመተ ምሕረት የለውም፤ ቀንና ወር ብቻ ስለሆነ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የክሪና ከሠርጓ ጀምሮ የተሰቀለ ነው።

«ማን አውርጂው አለሽ?» አለች ክሪና፤ «እርስዎ» ማለቱ ከአፏ ጠፋ። «መልሰሽ ስቀይው! የሽንት ቤት ነው!»

«ይቺ መስቀል ምንድን ናት?»

«ያልተኛሁበት ነዋ።»

«ክቧስ?»

«ክኒን የዋጥኩበት።»

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠችና በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ከየምልክቱ አጠገብ ዓመቱ በደቃቅ ቁጥር ተጽፏል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያሉት ገጾች ጠቁረዋል፤ የሰኔና የሐምሌ ከሰው ስም በቀር ንጹሕ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ መቶ አሥራ ሁለት ክብ። የመጨረሻው ክረምት ላይ ክብ የለም፤ ሰባት መስቀል ብቻ። ነሐሴ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«አድሪ ማን ነው? የልጅ ልጅዎ?»

«ወንድሜ። ሦስት ዓመቱ ነው።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻት። ክሪናም አየቻት፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

«ይህን ለምን አላመጡልኝም?» አለች ሐኪሟ፣ ቀስ ብላ። «ይሄ እኮ የሃያ ዓመት መዝገብ ነው!»

«ሽንት ቤት የተሰቀለ ነገር ብብቱ ሥር ይዞ ሐኪም ጋ የሚሄድ ማን ነው? ሰው ቢያየኝስ?»

ሐኪሟ ቦርሳዋን ከፍታ የማዘዣውን ወረቀት አወጣች። «ስድስት እጽፋለሁ።»

«አሥር።»

«ስድስት ይበቃዎታል፤ ራስዎ እንደጻፉት...»

«አሥር አልኩ። ዘጠኝ የሆነበት ዓመት አለ፤ ቆጥረሽዋል። የተረፈውን በሚያዝያ እመልሳለሁ። ሜርቴንስ አይቆጥርም ነበር፤ አንቺ ቁጠሪው።»

ሐኪሟ አሥር ጻፈች። «በማግሥቱ ጠዋት ግን መኪና አይነዱም» አለች፣ ለሐኪምነቷ ያህል።

«ብስክሌት ነው ያለኝ።»

«እሱንም!»

ነፋሱ በኅዳር መጣ። በቀትር ሬዲዮው ተናገረ፤ ከሰዓት በኋላ የኮርኔሊስ ዶሮዎች ከቤታቸው አልወጡም፤ የሽንኩርቱ መጋዘን ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። ክሪና ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ክኒን ዋጠች፣ መቁጠሪያው ላይ ክቧን አደረገች፣ ቦት ጫማዋን ከአልጋው ሥር አውጥታ ወደ ጓሮው ክፍል ወረወረችው፣ ተኛች።

ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ገና ቡናዋን እያፈላች ነበር። ዶክተር ሁበን ናት። ፀጉሯ እንደ ወፍ ጎጆ ሆኗል፤ ዓይኗ ደም መስሏል።

«እንዴት እንዳደሩ ልጠይቅዎ ብዬ ነው።»

«እንደ ድንጋይ ነው የተኛሁት። አንቺስ?»

ሐኪሟ ወንበሩ ላይ ወደቀች። «ያ ግድብ ሁልጊዜ እንዲህ ያገሳል? ከትራሴ ሥር ያለ ነው የሚመስለው። ሁለት ጊዜ ተነስቼ በሩ ሥር ውሃ ገብቶ እንደሆነ በእጄ ዳሰስኩ።»

«መዝጊያው ተሠርቶ የለም እንዴ?»

«ወይዘሮ ክሪና...»

«ትኩስ ወተት ጠጣሽ?»

«ጠጣሁ።»

«ትንፋሹንስ?»

«አደረግሁት፤ ሌሊቱን ሙሉ።»

«እንግዲህ የቀረሽ የእግር ጉዞው ነው» አለች ክሪና። ሐኪሟ ሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ሳግ ሆነባትና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ክሪና ቡና ቀዳችላት፤ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍታ ፊቷ አስቀመጠችው፤ ክዳኑን አልመለሰችም።

«ክኒን አልሰጥሽም» አለቻት። «የታዘዘው ለኔ ነው። አንቺ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት መመዝገብ አለብሽ። እስክሪብቶው እዚያው በክር ተንጠልጥሏል፤ ቦታውን ታውቂዋለሽ።»

ሐኪሟ ተነስታ ወደ ሽንት ቤቱ ሄደች። ያ መቁጠሪያ ኋላም ለብዙ ዓመት እዚያው ነበር፤ ኅዳር ገጽ ላይ፣ ከክሪና ክብ አጠገብ፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈች አንዲት መስቀል አለች።

እኩለ ቀን ላይ ማርሊን ደወለች።

«እማ! ዜናውን ሰማሁ። ሳትተኚ አደርሽ አይደል? ግድቡ ላይ ወጣሽ? እውነቱን ንገሪኝ፤ መኪናውን አስነስቼ እመጣለሁ።»

«እኔ ተኝቻለሁ» አለች ክሪና። «ያልተኛችው ሐኪሟ ናት። ፎቅሽ ባዶ ከሆነ እሷን ውሰጃት።»