እንቁላል የሆነው ማህተም

ማህተም ቀራጩ ስለ «ጠጋ በል» ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚለው፣ «እኔ እኮ በደንብ አላውቃትም» ነው። እውነቱን ነው። የት እንደምትኖር አያውቅም፤ ባል ይኑራት ልጅ ይኑራት ጠይቋት አያውቅም። የሚያውቀው ኮምፒውተር ጠጋኝ መሆኗን፣ በተለይ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆኑትን ነፃ ሲስተሞች በአሮጌ ማሽን ላይ እየጫነች ነፍስ የምትዘራ መሆኗን ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ሥራ ስትጀምር የማሽኑን ባለቤት አጠገቧ ታስቀምጥና፣ «ጠጋ በል፤ የተጻፈውን አንብብልኝ» ትለዋለች። ሰው ሁሉ ማስተማሯ ነው ብሎ ይወድላታል።

ቀራጩ ያስጠራት ጭንቅ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ዕድሜውን በቤቱ የፊት ክፍል ተቀምጦ ክብ ማህተም ሲሠራ የኖረ ሰው፣ በድንገት የሚሠራው ሁሉ እንቁላል ሆነበት። ስክሪኑ ላይ እንደ ብርቱካን ድብልብል ያለ ክብ ይሥላል፤ መቅረጫው ላስቲኩ ላይ ሲያወጣው ግን ቀጭን፣ ቆሞ የተቀመጠ እንቁላል። ማስመሪያ አይወድም፤ «መለኪያዬ ዓይኔ ነው» እያለ ሲኮራ ነው የኖረው። የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት እንኳ ያሠራችውን ማህተም ይዛ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገችው።

«ወንድሜ፣ እኔ የምሸጠው መድኃኒት ነው። ይሄን ለዶሮ አርቢ ስጠው።»

ሳቀላት። እሷ ስትወጣ ግን ማህተሙን አንሥቶ አገላብጦ አየው። ዓይኔ ሄደ ማለት ነው፣ አለ በልቡ። ዓይን ከሌለ ሥራ የለም፤ ሌላ ሙያ ደግሞ አልለመደም። ለሚስቱም አልተነፈሰም። «አንተ ሰውዬ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ፤ ምን ሆነሃል?» ስትለው፣ «እንቅልፍ ነው» ይላታል።

«ጠጋ በል» መጣች፤ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። የመድኃኒት ቤቷን ማህተምና የዓይኑን ሥጋት ነገራት።

«አፕዴት አድርገህ ነበር?»

«አድርግ አለኝ፣ አደረግኩ።»

«ለመታዘዝማ ማን ብሎህ! ከዚያ ወዲህ ፊደሉ አልወፈረብህም?»

«ወፍሯል። ተመችቶት ነው ብዬ ተውኩት።»

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ፣ «ጠጋ በል፤ አንብብልኝ» አለችው። እየተንተባተበ አነበበላት፤ ነገሩ ገባት። ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው የማሽኑ ግራፊክስ ካርድ አሮጌ ነው፤ የሠራው ኩባንያ ከረሳው ቆይቷል። አፕዴቱ ሲመጣ፣ ካርዱንና ሲስተሙን የሚያግባባው ድራይቨር ሳይነሣ ቀረ። ሲስተሙም ቸግሮት ለጠባብ ስክሪን የሚሆን ምስል በሰፊው ስክሪን ላይ ወጠረው። ክብ የተባለ ሁሉ ወደ ጎን ሰፋ። የቀራጩ ዓይን ደግሞ የተዛባ ክብ አይቶ ማለፍ አይችልም፤ ከግራና ከቀኝ እየጨመቀ ሲያስተካክለው ከረመ።

«ዓይንህማ ጤነኛ ነው» አለችው። «የዋሸህ ስክሪኑ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ፣ እህቴ?»

«ቆይ ታያለህ። ኩባንያው ቢረሳውም፣ ለዚህ ካርድ ድራይቨር በፈቃዳቸው የሚጽፉ ሰዎች አሉ። እግዜር ይስጣቸው።»

ጫነችው፤ ማሽኑን አጥፍታ አስነሣችው። ስክሪኑ ጨለመ። ሲበራ ፊደሎቹ ከስተዋል፤ ያ ድብልብል ያለው ክብም ስክሪኑ መሐል ቆሞ የተቀመጠ እንቁላል ሆኖ ጉብ ብሏል።

«እንቁላል ነው!» ብሎ ጮኸ። እንቁላል አይቶ እንዲህ የተደሰተ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምን መጣ?»

«ዓይኔ ደህና ነው!»

«ድሮስ ማን ታሟል አለህ?» ብላው ተመለሰች።

አዲስ ክብ ሣለ፤ ዙሪያውን ፊደል ደረደረበት፤ ላስቲኩ ላይ አስቀረጸው፤ ቀለም አስነክቶ ወረቀት ላይ መታው። ክብ ነው። ነፍሱ መለስ አለች። ወረቀቱን እንደ ስጦታ ዘረጋላት። ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ አፍንጫዋን ሊነካ እስኪደርስ አስጠግታ አየችው።

«አምሯል» አለች። «ፊደሉም ቀጥ ብሏል።»

ወረቀቱን የያዘችው ገልብጣ ነበር።

ቀራጩ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ። ለካ «ጠጋ በል፤ አንብብልኝ» የምትለው ለማስተማር አልነበረም። ዓይኔ ሄደ የሚለውን ፍርሃት እሱ ገና አሁን ነው ከትከሻው ያወረደው።

«እህቴ» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያንቺስ ዓይን?»

የቦርሳዋን ዚፕ በጣቷ ዳስሳ አገኘችውና ዘጋችው።

«እሱን ተወው» አለችው ፈገግ ብላ። «ይልቅ የመድኃኒት ቤቷን ማህተም ሥራላት።»