የወለደች ትቁም

በዚያ ዘመን በናዝሬት ባቡር ጣቢያ ያለፈ መንገደኛ ሁሉ ቡዜን ያውቃታል። ፓፓያና ብርቱካን በሳፋ ተሸክማ ከመስኮት መስኮት ትሮጣለች። ዋጋ የሚከራከራት ካለ ምላሷ አይምረውም፤ "ዓይንህ በልቶ ጠግቧል፣ እጅህን ምን አሰረው?" ትለዋለች።

ባሏ ወዬሳ ሚሊሺያ ተብሎ ወደ ምሥራቅ እንደዘመተ ቀርቷል። ትቶላት የሄደው አንዲት ልጅ ነው፤ ዘርፉን። ዘርፉን የወለደቻት ግን ሌላ ሴት ናት።

ቡዜ መካን ነበረች። ከሶደሬ ማዶ የምትኖር ጉደቱ የምትባል የወዬሳ ዘመድ፣ በልጅ ላይ ልጅ ሲደራረብባት፣ በሆዷ ያለውን ለቡዜ ቃል ገባችላት። ሕፃኗ ስትወለድ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው አናቷን ቅቤ ቀቡ፤ መረቁ፤ ሁለቱን ሴቶች አስማሉ። የኦሮሞ ጉዲፈቻ እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲያ የወለደችው "ልጄ" አትልም፤ ያሳደገችውም "አልወለድኳትም" አትልም። ካለች መሐላ በላች። ዘርፉ ቡዜን "አዮ" እያለች አፏን ፈታች፤ እናቴ ማለቷ ነው።

ይህን ሁሉ ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። ኋላ መንግሥት ወላጅ ለሌላቸው የጀግና ልጆች ማሳደጊያ ሠራ። አልጋው ተነጠፈ፤ የሚተኛበት ጠፋ። እንግዶች ከአዲስ አበባ ሊጎበኙት ቀን ሲቆረጥ፣ ቀበሌዎች ልጅ እንዲያቀርቡ ታዘዙ። የወለደችው እናት ያለችው ልጅ ይቀራል፤ የሌለችው ይሄዳል፤ ትእዛዙ ይኸው ነው።

የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ዘመናይ የቡዜ ጎረቤት ናት። ሰልፍ ሲጠራ "የባቡር ሰዓት ነው" እያለች የምትቀረው ቡዜ ከድሮም አንጀቷን ታሳርራት ነበር። ትእዛዙ በመጣ ማግስት ቡዜ በር ላይ ቆመች።

"ጓድ ቡዜ፣ የልጅቷን ልብስ አዘጋጂ።"

"የት ልትሄድ?"

"አብዮቱ ሊያሳድጋት። ወተት አለ፤ አልጋ አለ፤ ትምህርት አለ። ካንቺ ሳፋ ሥር ምን ትማራለች?"

"ስድብ ትማራለች። ላንቺ ዓይነቷ እሱም ይበቃል።"

"አልወለድሻትም። ሰፈሩ ያውቃል።"

"በርበሬ ስትበደሪኝ የዘርፉ እናት ነበርኩ። ዛሬ ጓድ ሆንኩልሽ?"

"ስብሰባ ላይ እንተያያለን" ብላ ዘመናይ ሄደች።

ቡዜ ሌሊቱን ስታስብ አድራ መላ ያገኘች መሰላት። ምስክር ትሁነኝ ብላ ጉደቱን አስጠራች። ጉደቱ ስለ መሐላው ከተናገረች ማን አፉን ይከፍታል?

እሁድ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ዘርፉ የቡዜን ቀሚስ ይዛ ተቀምጣለች፤ ጉደቱም ከጎናቸው አለች። የቀበሌው ሊቀመንበር አስፋው፣ ነገር የማይወድ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገና "የዚችን ልጅ የወለደች ትቁም" አለ።

ቡዜ ቆመች።

"ያረገዝሽው ሳፋውን ነው?" አለ ከኋላ አንድ ሰው። አዳራሹ ሳቀ።

አስፋው ወደ እንግዳዋ ዞረ። "እናቴ፣ ልጅቷ የእርስዎ ናት?"

ጉደቱ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች። "የእኔ አይደለችም" አለች ጮክ ብላ። "የቡዜ ናት።"

የቡዜ ፊት በራ። ሁለቱም ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር።

ዘመናይ ግን ብድግ አለች። "ጓዶች፣ ሰማችሁ? ቡዜ መካን ናት። እኚህም የእኔ አይደለችም አሉ። እንግዲህ ይቺን ልጅ ማን ወለዳት? እናት የላትም! መኪናው ማክሰኞ ይመጣል።"

ጉደቱ መሐላዋን የጠበቀችበት ቃል ልጅቷን እናት አልባ አደረጋት።

ቡዜ ወደ ጉደቱ ዞረች። ማሳደጊያው የት እንዳለ እንኳ አታውቅም፤ የሶደሬን መንገድ ግን ታውቃለች።

"ጉደቱ፣ ቁሚ" አለች።

ጉደቱ አልተነሳችም።

"ቁሚ አልኩሽ! ያንቺ ናት። እኔ አልወለድኳትም።"

"ቡዜ... መሐላው!"

"መሐላውን የበላሁት እኔ ነኝ። ኃጢአቱም የእኔ ነው። ቁሚ!"

"አዮ?" አለች ዘርፉ።

ቡዜ የልጅቷን ጣቶች ከቀሚሷ አንድ በአንድ አላቀቀች። ጉደቱ እንደ ታመመ ሰው ቀስ ብላ ቆመች።

"እንግዲህ የወለደቻት ተገኘች፤ ከእናቷ ጋር ትሂድ" አለ አስፋው፣ እፎይ ብሎ።

ዘመናይ ግን ባዶ እጇን መግባት አልፈለገችም። "ልጅቷ ከቀበሌያችን ከወጣች ከቡዜ ራሽን ካርድም ትሰረዝ!" አለች። ተጨበጨበ። ያጨበጨቡት አብዛኞቹ የቡዜን ብርቱካን የበሉ ናቸው።

ዘርፉ በዚያው ከጉደቱ ጋር ሄደች። አልጋዎቹ በሌሎች ቀበሌዎች ልጆች ሞሉ፤ እንግዶቹም ጎብኝተው ሄዱ። ቡዜ ከዘመናይ ጋር ሰላምታ አቆመች፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገናኙ ጀርባዋን ትሰጣታለች።

አዝመራ ሲገባ ጉደቱ ገበያ መጥታ ዘርፉን ወደ ጣቢያው ይዛት ሄደች። ቡዜ ከሩቅ አይታ ሳፋዋን መሬት ላይ አኖረች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"በይ አዮሽን ሳሚ" አለች ጉደቱ።

ልጅቷ ከጉደቱ ኋላ ተሸሸገች። "አዮዬ አይደለችም" አለች። "ራሷ አይደለችም እንዴ ስብሰባው ላይ አልወለድኳትም ያለችው?"

ባቡሩ እየጮኸ ገባ። ቡዜ ሳፋዋን አንስታ ሮጠች። ዋጋ ሊከራከራት አፉን የከፈተ አንድ መንገደኛ፣ ፊቷን አይቶ የጠየቀችውን ሰጣት።