ሃያ አንድ ዓመት ብዬ የጻፍኳት ልጅ

የችሎት ጸሐፊ ሆኜ ፍርድ ቤት የገባሁ ዕለት ሬጅስትራሩ የሰጡኝ መመሪያ አንድ ነበር፤ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ አልፈርምም።» ከተማው ወልቂጤ ይሁን ቡታጅራ አልናገርም። ሰውየው ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ጡረታቸውን እየበሉ ስለ ፍትሕ ያወራሉ።

እኔም ስርዝ የሌለውን ጽሑፌን እንደ ዲግሪ ቆጠርኩት። ባልደረባ ሲሳሳት ከንፈሬን እመጥ ነበር።

አንድ ቀን ከቡኢ አካባቢ የመጣች፣ የአሠሪዋን የአንገት ሐብል ሰርቃለች የተባለች የቤት ሠራተኛ ቀረበች። ትዕግሥት ትባላለች። ዕድሜዋን ስጠይቃት «አሥራ አራት» አለችኝ፤ ጻፍኩ። መታወቂያዋን ሳየው ሃያ አንድ ይላል።

«ይኼስ?»

«እሱ ለዓረብ አገር ነው፣ እትዬ። ፓስፖርት አይሰጡሽም ብሎ ደላላው ነው ያስጨመረው።»

ትከሻዬ ጋ አትደርስም፤ እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ቅጹን ይዤ ሬጅስትራሩ ዘንድ ሄድኩ።

«መታወቂያ እያለ የልጅ ወሬ ትጽፊያለሽ?» አሉኝ።

ቀደድኩትና በአዲስ ቅጽ ሃያ አንድ ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ አምሮ ነበር።

በዚያ ቁጥር ልጅቷ ከአዋቂ ሴቶች ጋር ሦስት ወር ታሰረች፤ ጥፋተኛም ተባለች። ቅጣቱ ሊወሰን ሲል እናቷ በፌስታል የጠቀለለችውን የክትባት ካርድ ይዛ ደረሰች።

ተከላካይ ጠበቃው ተነሣ። «አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ እንደ አዋቂ አትቀጣም። ከአዋቂ ጋር መታሰሯ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል።»

ዐቃቤ ሕጉ በካርዱ ላይ ያለው የአባት ስም ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም፣ የሌላ ልጅ ሊሆን ይችላል አለ። ጠበቃው «ዕድሜዋን በመጀመሪያው ቀን ለጸሐፊዋ ተናግራለች» ሲል ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይዘሮ አስቴር፣ እውነት ነው?»

ሬጅስትራሩ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። «አላስታውስም» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እናትየው ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«ነግራኛለች። ጽፌው ነበር፤ ቀደድኩት» አልኩ። ዝም ብል ምን ነበረበት፣ «አዲሱ ቅጽ ግን ስርዝ የለውም» ብዬ ጨመርኩበት። ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም።

ልጅቷ ለዕድሜ ምርመራ ሆስፒታል ተላከች። አሥራ አምስት አልሞላትም ተባለ፤ ጉዳዩም ለሕፃናት ችሎት ተላለፈ። ሦስቱን ወር ግን ማንም አልመለሰላትም።

ሬጅስትራሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። የጻፍኩትም እኔው ነኝ፤ ያን ቀን ሌላ ጸሐፊ አልገባም ነበር።

ዕድሜ ስትመዘግቡ መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ። የተናገረው ከመታወቂያው ከተለየ ሁለቱንም ጻፉ፤ ዳኛው ይወስን።