በሰሃን ላይ የማይቀመጥ ስጦታ

ሳቢና ትምህርቷን ያቋረጠችው ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ነው፤ ዩኒፎርሟ ሆዷ ላይ አልቆለፍ ሲላት። የልጁ አባት ወደ ፖቶሲ ከተማ ለማዕድን ቁፋሮ ሄዶ በዚያው ቀረ። እሷ ኤልመርን ወልዳ ከእናቷ ከፎርቱናታ ጋር ድንች ስትቆፍር፣ በግ ስትጠብቅ ሁለት ዓመት አለፈ። ጎረቤቷ ነኝና ቤታቸውን አውቀዋለሁ። የድሮ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ፣ አይጥ እንዳይበላቸው ከዘር ድንቹ በላይ በገመድ ሰቅላቸው ነበር።

ትምህርት ሊከፈት ሲል የድሮ አስተማሪዋ መጥቶ «እስከ ሰኞ ካልተመዘገብሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል» አላት።

ፎርቱናታ ግን፣ «ልጁን ማን ሊይዘው? በእነዚህ ጉልበቶች በጎቹንም እሱንም አልችልም» አለች። ክፋት አልነበረም። ጉልበቶቿ በእርግጥ አብጠዋል።

እሑድ ኤልመር የመጀመሪያ ጸጉሩን የሚቆረጥበት ቀን ነበር። እኛ ዘንድ ሁለት ዓመት እስኪሞላው የልጅ ጸጉር መቀስ አይነካውም። በዚያ ቀን ዘመድ ሁሉ በየተራ አንድ ጉንጉን ቆርጦ ሰሃን ላይ ያኖራል፤ ስጦታውንም ሰው እየሰማ ይናገራል። የተነገረውን አልቀበልም ማለት የልጁን ዕድል መዝጋት ነው። መጀመሪያ የሚቆርጠው አበልጅ ይሆናል። ሳቢና እኔን መርጣ ነበር።

አንዲት ጠቦት ልሰጠው አስቤ ነበር። ሪባን የታሰረበትን መቀስ ሲያቀብሉኝ ግን ሳቢናን አየኋት። በበሩ በኩል ከማዶ የሚታየውን የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ትመለከታለች። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። ከጆሮው በላይ ያለውን ጉንጉን ቆረጥኩና፣ «ጠዋቶቼን ሰጥቼዋለሁ» አልኩ። «እናቱ ተምራ እስክትጨርስ በየቀኑ እስከ ምሳ ሰዓት እኔ ጋ ይውላል። በጎቹንም ከእኔዎቹ ጋር አሰማራለሁ።»

የሳቢና አጎት ሩፊኖ የበቆሎ ጠላውን አስቀምጦ፣ «ጠዋት ደግሞ ሰሃን ላይ እንዴት ይቀመጣል? ይፈስሳል እኮ» አለ። ሰው ሳቀ።

ፎርቱናታ አልሳቀችም። «ሰው ፊት አሰርሽኝ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አዎ አበልጅ። ይቅር በዪኝ።»

ሰሃኑን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ መቀሱን ከእጄ ወስዳ ሁለተኛውን ጉንጉን ራሷ ቆረጠች። «ከእኔ ቡራቡሬዋ በግ» አለች። ስለ ትምህርቱ አንድም ቃል አልወጣትም፤ እምቢም አላለችም።

ሰኞ ሲነጋ ሳቢና ልጁን አዝላ መጣች። ዩኒፎርሟን በሁለቱም ጎን ጨርቅ ጨምራ አስፍታዋለች።

«ካለቀሰስ እማማ?»

«ያለቅሳል። አንቺ ሂጂ።»

እስከ ረፋዱ አለቀሰ። አዝዬው ከበጎቹ ኋላ ስዞር ሸሚዜ በእንባውና በንፍጡ ራሰ። ምሳ ሰዓት ላይ እናቱ ሮጣ መጣች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ልጁን ነጥቃኝ ጡቷን ሰጠችው።

«ተመዘገብሽ?»

«ተመዘገብኩ። ሁሉም ታናናሾቼ ናቸው። አንዷ ‹እትዬ› አለችኝ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ።»

«ምን አልሻት ታዲያ?»

«ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።»